ስለ በረንዳችን መታደስ

ቤት ማለት ግድግዳና ጣሪያ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ቢኖር፥ በረንዳው በፈረሰበት ቤት አንድ ወር ያህል ተቀምጦ ቢያየው አሳቡን ሳይለውጥ አይቀርም። በረንዳ የሚለው ቃል ከባሕር ማዶ የመጣ ቢሆንም፥ ነገሩ ከእኛ ጋራ ከተዋወቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ መኳንንቱና ነጋዴዎቹ ቤት ሲያሠሩ፥ ከሕንድና ከአርመን ወገን የሆኑ ግንበኞችና አናጢዎች በቤቱ ፊት ረዘም ያለ የእንጨት በረንዳ ማቆምን አስለመዱ። ኋላ የአዲስ አበባ ሙዚየም የሆነውን የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤልን ቤት ያየ ሰው ይህን ያስታውሰዋል። ባለጉዳይ የሚጠብቀው፥ ዝናብ የያዘው መንገደኛ የሚጠለለው፥ ሽማግሌ የጧት ፀሐይ የሚሞቀው በረንዳ ላይ ነው። ከውስጥ አይቈጠር፥ ከውጭም አይቈጠር፤ እንዲያውም ቤተ ሰቡ ከሰው ጋራ የሚገናኘው በዚሁ ስፍራ ነው።

የእኛ ቤት እንደነዚያ ታላላቅ ቤቶች አይደለም። አባቴ በ1954 ዓ.ም. ያሠሩት፥ ግድግዳው ጭቃ ሆኖ በኖራ የተለሰነ፥ ክዳኑም ቆርቆሮ የሆነ የመካከለኛ ሹም ቤት ነው። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት ንብረት ሲሆን፥ ለመኖሪያ የቀረልን ይኸው ብቻ ነበር። በፊቱ ርዝመቱ ዘጠኝ ሜትር ተኩል፥ ወርዱ ሁለት ሜትር ከሩብ የሆነ በረንዳ አለው፤ የበረንዳውንም ጣሪያ አራት የጥድ ምሰሶዎች ይሸከሙታል። ጥድ ምስጥ በቀላሉ የማይደፍረው እንጨት ስለ ሆነ፥ የሥልሳ ዓመት ዝናብና ፀሐይ መልኩን አጠቈረው እንጂ ውስጡን አልነካውም።

አባቴ ካረፉ በኋላ የቤቱ ራስ እናቴ ናቸው። ዕድሜያቸው ሰማንያ አራት ነው። ከአሥር ዓመት ወዲህ ግላኮማ የሚባለው የዓይን ደዌ አግኝቷቸዋል። ይህ ደዌ ብዙ ጊዜ በዓይን ውስጥ ያለው ግፊት እየበረታ የማየት ጅማቱን ቀስ በቀስ የሚጐዳ፥ አስቀድሞ በጐንና በጐን ያለውን እይታ የሚወስድ፥ አንድ ጊዜ የወሰደውንም የማይመልስ ነው። አያምምምና እኛ የነቃነው ከረፈደ በኋላ ነበር። ዛሬ እናቴ ብርሃንን ከጨለማ ይለያሉ እንጂ የሰውን መልክ አይለዩም። ቢሆንም ቅሉ ጧት ጧት ማንንም ሳይጠሩ ከመኝታ ቤታቸው ይወጣሉ። ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው ከደጃፉ እስከ ፊተኛው ምሰሶ አራት እርምጃ፥ ከምሰሶ እስከ ምሰሶ ደግሞ ሰባት ሰባት እርምጃ እየቈጠሩ፥ በአራተኛው ምሰሶ አጠገብ ወዳለችው ወንበራቸው ይደርሱ ነበር። ምሰሶዎቹም እጃቸው በሚያርፍበት ቁመት ላይ እንደ ተወለወለ ቀንድ ለስልሰው ነበር። እኔም ይህን በየቀኑ እያየሁ ምን ማለት እንደ ሆነ ሳላስተውል ኖርሁ።

ወለሉ ግን ከተበላሸ ቈይቶ ነበር። ግቢያችን ዋልካ አፈር ነው፤ መረሬ የሚሉትም አሉ። ይህ ጥቁር አፈር በክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፥ በበጋ ሲደርቅ ይኮማተርና ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ በላዩ ያረፈውን ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ አንሥቶ አንድ ጊዜ ያወርዳል። ግድግዳው ከዚህ የተረፈው አባቴ መሠረቱን በጥልቅ ስላስቈፈሩት ነው፤ የበረንዳው ሊሾ ግን ያለ መሠረት ስለ ተነጠፈ እንደ ዔሊ ድንጋይ ተሰነጣጥቆ፥ አንዱ ወገን ከሌላው አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. በየካቲት ወር እናቴ በዚያ ስንጥቅ ተደናቅፈው ወደቁና የግራ እጃቸው አንጓ ተሰበረ። እጃቸው በጀሶ ታስሮ ሳለ ሊጠይቃቸው ለመጣው ሁሉ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ እግሬን አላነሣሁም» እያሉ ሲናገሩ ስሰማ፥ በረንዳውን ሳላድስ ክረምት እንዳይገባብኝ ቈረጥሁ።

አንድ የሥራ ባልንጀራዬ የሚያውቀውን ሥራ ተቋራጭ አመጣልኝ። ሰውየው ንግግሩ ለዛ ያለው፥ ልብሱ የጸዳ፥ በእጁ የሜትር ጥቅል የማይለየው ነበር። ለሥራውም 400 ሺህ ብር ጠየቀ፤ እኩሌታውንም አስቀድሜ እንድከፍል አለ። ባለቤቴ በዚያን ሌሊት «በጽሑፍ ይሁን፤ ሥራው፥ ዕቃው፥ ቀኑ ይጻፍ፥ ምስክርም ይቁም» አለችኝ። እኔም እንዲህ ብዬ መለስሁላት፤ «ወዳጄ ያመጣውን ሰው ፈርም ብለው ወዳጄን እንዳላመንሁት ይቈጠርብኛል»። በመሥሪያ ቤት ስለ አንድ ጠረጴዛ ግዢ ሦስት ፊርማ ካላየሁ ወረቀት የማላሳልፍ ሰው፥ በራሴ ቤት በይሉኝታ ታስሬ 200 ሺህ ብር በባንክ አስተላለፍሁለት። ስለዚህ ነገር ባለቤቴ እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ መናገሯን እመርጥ ነበር።

ሥራው የዳግማይ ትንሣኤ ማግስት፥ ሚያዝያ 20 ቀን ተጀመረ። በፊተኛው ቀን አምስት የቀን ሠራተኞች ዶማና አካፋ ይዘው መጥተው ወለሉን ሲቈፍሩ ዋሉ። በሦስተኛው ቀን ማታ ከሥራ ስመለስ አራቱ ምሰሶዎች አልነበሩም። ጣሪያው በእርጥብ ባሕር ዛፍ ተደግፎ ቆሟል። ተቋራጩን ጠርቼ ብጠይቀው፥ «አሮጌ እንጨት ነው ጌታዬ፤ በፋንታው የብረት ቱቦ አቆምልዎታለሁ፥ ቤትዎ የዘመን ቤት ይመስላል፤ እንጨቱን ለማስወገድ እርስዎን ምን ያስቸግርዎታል ብዬ አስጭኜ ሰደድሁት» አለኝ። አነጋገሩ ውለታ የዋለልኝ ያህል ነበረና፥ እኔም ቍጣዬን ዋጥ አድርጌ ገባሁ።

እናቴ ባልጋቸው ጫፍ ተቀምጠው ነበር። ጧት እንደ ልማዳቸው ወጥተው፥ አራት እርምጃ ቈጥረው፥ እጃቸውን ቢዘረጉ ምንም አላገኙም። ሠራተኞቹ ደርሰው ባይይዟቸው ከጕድጓዱ በገቡ ነበር። እኔን የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ምሰሶዎቹ የት ሄዱ?» አሉኝ። ለጊዜው እንደ ተነሡ ነገርኋቸው። ዕውነት መሰለኝ፤ ወይም ዕውነት እንዲሆን ፈለግሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ እናገራለሁ፤ ቤት አሠርቶ የሚያውቅ ሰው ቀሪውን ራሱ ይሞላዋልና። ተቋራጩ ዋልካውን አንድ ስንዝር ብቻ አስቈፍሮ፥ ጥቂት ድንጋይ አስበትኖ፥ አርማታውን በአንድ ቀን አፈሰሰው። የግንቦት ፀሐይ በቀጥታ መታው፤ ውሃ የሚያጠጣው ሰው አልነበረም። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ከውሃ ጋራ ሲዋሐድ ነው፤ ውሃውን ፀሐይ ከወሰደበት ግን መልኩ የጠነከረ ይመስላል እንጂ ዱቄት ሆኖ ይቀራል። በአራተኛው ቀን እንደ ክር የቀጠነ ስንጥቅ ታየበት፤ በአሥረኛው ቀን እስክሪብቶ የሚያስገባ ሆነ። ሰውየው ይህን ካየ በኋላ እግሩን ከግቢያችን አነሣ። ስልኩ ይጠራል፥ አይነሣም። በተነሣ ጊዜም ምክንያት አይታጣም፤ መጀመሪያ ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ዋጋ ስለሚመነዘር ሲሚንቶና ብረት ተወደደብኝ አለ፤ ቀጥሎ ሠራተኞቹ ጥለውኝ ሄዱ አለ፤ ከዚያም በአንድ ወር ውስጥ ሦስት አክስት ቀበረ። ስለ ሦስተኛይቱ አክስት ልቅሶ ሲነግረኝ እኔ ራሴ «ነፍስ ይማር» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

በእነዚህ ሳምንታት እናቴ ከመኝታ ቤታቸው አልወጡም። በሳንቃ ላይ ደግፈን እናውጣችሁ ብንላቸው «ሲያልቅ እወጣለሁ» ይላሉ። በየጧቱ ይመጡ የነበሩት ሁለት ጎረቤቶቻቸው፥ እነርሱም የሸመገሉ ናቸውና ጭቃውን ተሻግረው መግባት ስላቃታቸው ከአጥሩ በር ሆነው በልጅ ሰላምታ መላክ ጀመሩ። የእናቴ ምግብ አነሰ፤ ቀንና ሌሊቱም ተደበላለቀባቸው። አንድ ቀን ከሌሊቱ በስምንት ሰዓት ለብሰውና ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ ነግቷል ብለው ነበር። ዓይን የሌለው ሰው ፀሐይን በፊቱ ላይ ካላገኛት ጧትን በምን ያውቀዋል? በዚያች ሌሊት የበረንዳው ነገር የሲሚንቶና የገንዘብ ጕዳይ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ።

በማግስቱ ጠበቃ ወዳለው ዘመዴ ሄድሁ። እርሱም የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ አንሥቶ አስረዳኝ። ሕጉ ስለ ቀብድ ሲናገር፥ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፥ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለ ሰው ቢያፈርስ ግን ዕጥፉን ይመልሳል ይላል። ይህን በሰማሁ ጊዜ 400 ሺህ ብሩ በኪሴ የገባ መሰለኝ። ዘመዴ ግን ቀጠለና፥ የከፈልኸው ገንዘብ ቀብድ ነው ወይስ ከሥራው ዋጋ ላይ የተከፈለ ቅድሚያ ነው የሚለው ራሱ ክርክር ይሆናል፤ ወረቀት የለህም፤ ያለህ የባንክ ደረሰኝ ብቻ ነው፤ ክሱም ሲታይ ክረምቱ አልፎ ሌላ ክረምት ይመጣል አለኝ። ስለዚህ ሦስት ሽማግሌዎች ለመንሁ፤ ከሦስቱ አንደኛው ሰውየውን ያመጣልኝ ባልንጀራዬ እንዲሆን አደረግሁ፥ ሊገባበት ይገባዋልና።

ከሽምግልናው ቀን አስቀድሞ አንድ ያላሰብሁት ነገር ሆነ። ከቀን ሠራተኞቹ አንዱ፥ ሃያ ዓመት የማይሞላው ልጅ፥ የሰባት ቀን ደመወዙ እንዳልተከፈለው ሊነግረኝ መጣ። እኔ ተቋራጩን እንጂ እርሱን የማላውቀው ስለ ሆነ የሚከፍለው እኔ አይደለሁም ልለው ስል፥ «ጋሼ፥ እማማ ምሰሶውን ሲፈልጉ እጃቸውን የያዝኋቸው እኔ ነኝ። እንጨቶቹ አልተጣሉም፤ ጌታው ግቢ ውስጥ ቆርቆሮ ለብሰው ተኝተዋል» አለኝ። የሰባት ቀን ደመወዙን ከፈልሁት። የወሬው ዋጋ አድርጎ እንዳይቈጥረው፥ የደመወዝህ ነው ብዬ ነገርሁት።

በሰኔ አጋማሽ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ሰውየው መጀመሪያ ዘበዘበ፤ ስለ ምሰሶዎቹ በተጠየቀ ጊዜ ግን ፊቱ ተለወጠ። በመጨረሻ ዕውነቱን ተናገረ። የኔን ገንዘብ የወሰደው ከዚያ አስቀድሞ የተቀበለውን የሌላ ሰው ጣሪያ ለመጨረስ ነበር፤ የዚያን ሰው ገንዘብም ከርሱ በፊት ለነበረው ሥራ አውሎታል። እንዲህ እያለ አንዱን ጕድጓድ በሌላው አፈር ሲሞላ ኖሮ፥ የዕቃ ዋጋ በናረ ጊዜ የመጨረሻው ጕድጓድ በእኛ በረንዳ ላይ ቀረ። ሌባ ነው ለማለት አፌ አልደፈረም፤ ሌባ ቢሆን ስሙንና ቤቱን አሳውቆኝ ባልተቀመጠ ነበር። ደካማ ሰው ነው። ደካማ ሰው በሌላ ሰው ላይ የሚያደርሰው ጕዳት ግን ከሌባው አያንስም። 120 ሺህ ብር በሦስት ጊዜ ሊመልስ ተስማማ፤ ሁለቱን ጊዜ ከፍሏል፥ ሦስተኛውን እየጠበቅሁ ነው።

ምሰሶዎቹን በዚያው ቀን አስጭኜ አመጣሁ። ሦስት ነበሩ። አራተኛው ተሰንጥቆ የሰው መዝጊያ ሆኗል።

አሁን ስለ ሁለተኛው ግንበኛ ልናገር፤ እርሳቸውን ባላነሣ ይህን ሁሉ መጻፌ ከንቱ ነውና። ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የሚጠጋ፥ በቀን ሒሳብ የሚሠሩ፥ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። በፊተኛው ቀን ምንም ሳይነኩ ወለሉን ዞረው አዩና፥ ወደ እናቴ ክፍል ደጃፍ ሄደው «እሜቴ፥ በረንዳው የሚሠራው ለማን ነው?» ብለው ጠየቁ። እናቴም «ለኔ ነው መሰለኝ» አሉ። «እንግዲያስ እርስዎ ያሠሩኛል» አሉ ሽማግሌው። በሁለት ወር ውስጥ እናቴን ስለዚህ ሥራ የጠየቃቸው ሰው ያን ጊዜ ገና መገኘቱ ነው፤ እኔም ራሴ አልጠየቅኋቸውም ነበር።

ሥራቸውን የጀመሩት የተበላሸውን አርማታ በማንሣት ነው። ከዚያ ዋልካውን ሰባ ሳንቲ ሜትር ድረስ አስቈፍረው ከግቢው አስወጡት። በፋንታው ገረጋንቲ በሦስት ጊዜ እየሞሉ፥ እያንዳንዱን ሙሊት ውሃ እያርከፈከፉ በመደቅደቂያ አስደቈሱት። በላዩ ጥቁር ድንጋይ ጠርዝ ለጠርዝ ተደርድሮ፥ መካከሉ በጠጠር ተሞላ። ዝናቡ ጀምሮ ስለ ነበር ሥራው ሁሉ የሚሠራው በተወጠረ ሸራ ሥር ነው። ወደ ውጭ ያለው ወገን በየሜትሩ ሁለት ሳንቲ ሜትር ዝቅ እንዲል ሲባጎ ወጠሩ፤ ውሃ ወደ ቤቱ ግድግዳ እንዳይመለስ ነው። አርማታውን አንድ እጅ ሲሚንቶ፥ ሁለት እጅ አሸዋ፥ ሦስት እጅ ጠጠር አድርገው በሳጥን እየሰፈሩ፥ ሐምሌ 16 ቀን አፈሰሱት። ከዚያም እርጥብ ጆንያ አለበሱትና፥ «ሰባት ቀን ጆንያው አይድረቅ፤ ሙሉ ኃይሉን የሚያገኘው ግን በሃያ ስምንት ቀን ነው፤ እስከዚያ ከባድ ነገር አይጣልበት» ብለው አዘዙን። ባለቤቴ ሌሊት እየተነሣች ጆንያውን ትዳስስ ነበር።

የምሰሶዎቹን ቦታ ማግኘት ግን አስቸገረ። ፊተኛው ሰው ሲያነሣቸው ልኩን አልያዘም፤ እኔም በቤቴ ሥልሳ ዓመት ስኖር ለክቼ አላውቅም። ሽማግሌው በላይኛው አግዳሚ ላይ የምሰሶው ራስ ይገባበት የነበረውን ጎድጓዳ ፈልገው፥ ከዚያ ቱምቢ ጣሉ። ሁለቱ ተገኙ፤ ሦስተኛው ላይ አግዳሚው ከተለወጠ ቈይቷልና ምልክት የለም። ወለሉ በረገጡት ጊዜ የማይጐዳ ከሆነ በኋላ እናቴን ክንዳቸውን ይዘው አወጧቸው። እናቴ ከደጃፉ ተነሥተው፥ ቀስ እያሉ እየቈጠሩ ሄዱ፤ በሰባተኛው እርምጃ ቆሙና እጃቸውን ዘረጉ። ሽማግሌው ከእጃቸው በታች በኖራ ምልክት አደረጉ። እንዲህ እያሉ አራቱም ቦታ ተመለከተ። ቱምቢ ከወረደባቸው ሁለት ቦታዎች ጋራ ቢመዛዘን፥ የእናቴ ልክ በአንደኛው ሦስት ጣት፥ በሌላው አንድ ጋት ብቻ ቢለይ ነው። ሽማግሌውም ቆባቸውን አንሥተው ራሳቸውን አከኩና «እኔ በሜትር ከዚህ የበለጠ ተሳስቼ አውቃለሁ» አሉ።

ደረጃውንም እንደ እናቴ ቃል ሠሩት። ከፍታው አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር፥ መርገጫው ሠላሳ አምስት ሆነ፤ በየደረጃው ጠርዝ ላይ ደግሞ ያልለሰለሰ የአምቦ ድንጋይ አጋደሙ፤ እግር ሳይወርድ ጠርዙን እንዲያውቅ ነው። ይህን ያሰቡት እናቴ ናቸው። ምሰሶዎቹን ከመሬት ጋራ ሳያገናኙ፥ ሃያ ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለ የድንጋይ እግር ላይ አቆሙ፤ እንጨት የሚበሰብሰው ከሥሩ ነውና። ለአራተኛው ምሰሶ፥ በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በአካባቢው ብዙ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ ከወጣው እንጨት የቀረ አንድ ጥድ ከነጋዴ ገዛሁ። የማን ቤት ተሸክሞ እንደ ኖረ አላውቅም። ውፍረቱ ከሦስቱ ትንሽ ያንሳል፤ እናቴ በዳሰሱት ጊዜ ወዲያው «ይህ እንግዳ ነው» አሉ። እኔም እንዳስቀይራቸው እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው። «ምን በወጣው፤ ቤቱ ፈርሶበት የመጣ ነው አላልኸኝም?» ብለው ወንበራቸውን ከርሱ አጠገብ አስደረጉ።

ነሐሴ 13 ቀን፥ በቡሄ ማታ፥ የሰፈሩ ልጆች በትራቸውን ይዘው መጡ። እናቴ ድምፃቸውን በሰሙ ጊዜ ማንንም ሳይጠሩ ተነሥተው፥ ሙልሙሉን በመሶብ ክዳን ላይ አድርገው በግራ እጃቸው ያዙ፤ በቀኛቸው ምሰሶውን እየዳሰሱ ወጡና በአራተኛው አጠገብ ቆሙ። ከጎረቤት ያሉት ሁለቱ ሽማግሌ ሴቶችም ደረጃውን ወጥተው ቀድመው ተቀምጠው ነበር። ልጆቹ በዜማቸው ልክ በትሩን በወለሉ ላይ ሲደቁ፥ እኔ በልቤ ቀን ቈጠርሁ። አርማታው ከፈሰሰ ሃያ ሰባት ቀን ነው። ስለዚህ ወደ ልጆቹ ቀርቤ ወደ ሣሩ ወረድ ብለው እንዲመቱ ልነግራቸው ስል፥ እናቴ እርምጃዬን ሰምተው ኖሮ ያሰብሁትን አወቁ።

«ለአንድ ቀን ብለህ ነው? ተዋቸው፥ ይምቱት» አሉኝ።